ብረትም ይዝላል

ፒንሳ በሌለበት ቤት ሽቦ እንዴት እንደሚቆረጥ ሁላችንም እናውቃለን። ይታጠፋል፣ ይቃናል፣ እንደገና ይታጠፋል። ከተወሰነ ምልልስ በኋላ መታጠፊያው ይግላል፣ ጣት ይፈጃል፣ ከዚያ ቀጭ! ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ይዘው ቢጎትቱት የማይበጠሰውን ሽቦ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ በጣቶቹ በጠሰው። ልጁ ጉልበት አልጨመረም። የጨመረው ምልልስ ነው።

መሐንዲሶች ይህን የብረት ዝለት ይሉታል። ብረት አንድ ጊዜ በኃይል ቢመቱት ሊችል ይችላል፤ ከዚያ በጣም ባነሰ ኃይል ሚሊዮን ጊዜ ቢነቀንቁት ግን አንድ ቀን ድንገት ለሁለት ይከፈላል። ሳይጎብጥ፣ ሳይለጠጥ፣ «ልሰበር ነው» ሳይል። ዛሬ የምናወራው የዚህን ዝለት ታሪክ ነው። ታሪኩ ፓሪስ አጠገብ በተቃጠለ ባቡርና ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በወደቁ አውሮፕላኖች በኩል አልፎ ታይታኒየም እስከሚባለው ብረት ይዘልቃል። እኛ ግን የምንነሳው ከአዊ ነው። ለምን ከአዊ ቢሉ፣ የዛለ ብረት ሲሞትም ሲነሳም በአንድ መንገድ ዳር የሚታይበት አገር ስለሆነ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና እንጅባራንና ዳንግላን እየሰነጠቀ ያልፋል። ድንችና ከሰል የጫነ አይሱዙ (ያው በአንድ ወቅት «አልቃይዳ» እያልን የምንጠራው)፣ ባጃጅ፣ የፈረስ ጋሪ፣ ሁሉም እዚያው መንገድ ላይ ይጋፋል። የጭነት መኪናውን ከጎማው በላይ ተሸክሞ የሚያረግደው ተደራራቢ ብረት ባሌስትራ ነው። ቃሉን ከጣሊያን ወርሰነዋል፤ እንደ ጎማ፣ እንደ ቡሎን፣ እንደ ዳዶ። በጣሊያንኛ ባሌስትራ የጥንት የጦር ቀስት ስም ነው አሉ፣ ሲያዩትም ቀስት ይመስላል። ከመኪናው መንገድ በፊት በዚህ አገር ባሌስትራ የሚባል ነገር ምን ሊሠራ? ሮበርት ቺዝማን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ ቆንስል ሆኖ ሲቀመጥ ጣናንና ዓባይን ዞሮ የለካው በበቅሎና በእግሩ ነው። ያኔ በአዊ የሚነቀነቅ ብረት ማለት የፈረስ ልጓምና እርካብ፣ የበሬ ማረሻ ነበር። ፈረሱማ ዛሬም አለ፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር ላይ እንጅባራ ሜዳ ሲወጡ ያየ ያውቀዋል።

ባሌስትራ በጉድጓድ ሁሉ ይጎብጣል፣ ይቃናል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ የሚያገኘው ጭነት ከአቅሙ በታች ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን ባዶ መኪና ይዞ በደህና አስፋልት ላይ ሲሄድ ይሰበራል። ሾፌሩ ግራ ይገባዋል፤ «ትናንት ሰባ ኩንታል ችሎ ዛሬ በባዶው!» መካኒኩ ግን የተሰበረውን ፊት ያገላብጥና ይረዳል። የስብራቱ ፊት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ክፍል የጠቆረና የለሰለሰ፣ ዝገት የጀማመረው፣ አንዳንዴም እንደ ኩሬ ዳርቻ ምልክት ቀለበት ቀለበት የሠራ ነው። ሌላው ክፍል ሻካራና የሚያብረቀርቅ፣ የዛሬ ስብራት። ማለት ብረቱ ዛሬ አይደለም የተሰበረው። ስንጥቁ ከወራት በፊት ከአንዲት ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ተነስቶ፣ በየጉድጓዱ ትንሽ ትንሽ እየገባ ቆይቶ ነው። ዛሬ የተቋረጠው የተረፈው ብቻ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ዳር እንውረድ። የተሰበረው ባሌስትራ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። ቀጥቃጭ ይገዛዋል። በአገራችን ከአፈር ብረት የማቅለጡ ሙያ ከውጭ በመጣ ብረትና በውራጅ እየተተካ ከሄደ በኋላ፣ የገጠሩ ቀጥቃጭ ዋና ጥሬ ዕቃ የመኪና ውራጅ ሆኗል። ከውራጁም ባሌስትራ የተከበረ ነው፤ ውሃ ሲያጠጡት የሚጠነክር ብረት ነውና። ወናፉ ይነፋል፣ ብረቱ ይግላል፣ በጉጠት ተይዞ መስፍ ላይ ይወጣል፣ መዶሻ ይወርድበታል። ተመልሶ ይግላል፣ ይታጠፋል፣ ይቀጠቀጣል። ማረሻ፣ ምሳር፣ ማጭድ፣ ቢላዋ ሆኖ ይወጣል። መንገድ ላይ በድግግሞሽ የሞተው ብረት ምድጃ ላይ በድግግሞሽ ይነሳል ማለት ነው። በአንዱ ምልልስ ይዝላል፣ በሌላው ምልልስ ይበረታል። ይህን ነገር ያዙልን፣ ኋላ ስለ ታይታኒየም ስናወራ እንመለስበታለን።

ግን ይህን ሁሉ የሚያውቀውን ሰው ምን እያልን ነበር የምንጠራው? ቡዳ። ሌሊት ጅብ የሚሆን። ናትናኤል ፒርስ የተባለ እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ኖሮ፣ ቀጥቃጮች ወደ ጅብነት ይለወጣሉ የሚለውን እምነት በጽሑፍ ትቶልናል። ጎንደርም ጎጃምም ከዚያ የተለየ አልነበረም። በብዙ ቦታ ቀጥቃጭ ርስት የለውም፣ ልጁን የሚድርለት የለም፣ ማረሻውን ግን ሁሉም ይፈልገዋል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው በራሱ ስድቡ የት ደርሶ እንደነበር ያሳያል። አዋጁ ስድቡን አላቆመውም። የሰው ልጅ በእጁ የሚያውቀውን ነገር ወደ ወረቀት የሚያወጣው ሲከበር ነው፤ የእኛ ቀጥቃጭ የሚያውቀው ግን ከአባት ወደ ልጅ በጨለማ ጎጆ ውስጥ ሲተላለፍ ኖረ። ወደ ወረቀት የወጣው ሌላ አገር ነው። ያውም በብዙ ሬሳ።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1842። የፓሪስ ሰው ቬርሳይ ላይ የንጉሡን በዓል አክብሮ በባቡር እየተመለሰ ነው። የፊተኛው ሎኮሞቲቭ አክስል፣ ማለት ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘው ወፍራም የብረት ዘንግ፣ ተሰበረ። የኋለኛው ፉርጎ በፊተኛው ላይ ወጣ፣ የምድጃው እሳት ፉርጎውን ያዘው። በሮቹ ከውጭ ተቆልፈው ነበር። ከ50 በላይ ሰው አለቀ። (በዚያው ዓመት እኛ ዘንድ ራስ አሊና ደጃች ውቤ ደብረ ታቦር ላይ ይዋጉ ነበር።) አክስሉ ደህና ብረት ነው፣ ጭነቱም የሚችለው ነው። ታዲያ ለምን?

የዚያ ዘመን ብዙ ሰው መልስ ነበረው፤ ብረቱ በመንቀጥቀጥ ብዛት «ተለውጦ» እንደ ጨው ድንጋይ ፍርክስክስ ሆኗል አለ። ሻካራውን የስብራት ፊት አይቶ ነው። ዊልያም ራንኪን የተባለ ወጣት ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ በማግሥቱ ዓመት ይህን ተቃወመ። ስብራቱ የሚጀምረው ዘንጉ ድንገት በሚቀጥንበት ማዕዘን ላይ ነው፣ ስንጥቁም ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል አለ። የኛ መካኒክ ባሌስትራ ላይ የሚያየውን ነገር ማለት ነው።

ነገሩን በቁጥር ያሰረው ግን ፕራሻዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ነው። ከ1850ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል አክስል በሚያሽከረክሩ ማሽኖች ብረት እያዞረ ሲሰብር ኖረ። የደረሰበትም ይህ ነው፦ ወሳኙ የጭነቱ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን ምልልሱ ነው፤ ጭነቱን በቀነስክ ቁጥር ብረቱ የሚችለው ምልልስ ይበዛል፤ ከአንድ ወሰን በታች ከወረድክ ደግሞ የባቡር ብረት ሳይሰበር መኖር ይችላል። ይህ ወሰን ብረቱ በአንድ ጉተታ ከሚበጠስበት ኃይል እጅግ ያነሰ ነው። ጥንካሬና ጽናት ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ከዚያ ወዲህ መካድ አልተቻለም።

ቮለር አክስሉን ሲያዞር አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ያስቀልጡ ነበር። ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል፤ ከደብረ ታቦር አጠገብ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎተተ። ብዙ ሰው ስለ መድፎቹ ሲያወራ የሚቀላቀልበት አንድ ነገር አለና እዚህ ላይ እንለየው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ውጊያ ከንጉሡ ትላልቅ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ባሩድ በዝቶበት ነው ይባላል። ይህ ዝለት አይደለም፤ ከአቅም በላይ የሆነ አንድ ምት ነው። የዛለ ብረት ሺህ ጊዜ ተኩሶ በሺህ አንደኛው ነው የሚከዳህ። ቴዎድሮስ ሺህ ጊዜ ለመተኮስ ጊዜ አላገኙም። መድፍ የሚያስቀልጡት የውጭ ሚስዮናውያን ሲሆኑ፣ የአገሬው ቀጥቃጭ ደግሞ ቡዳ ነው እየተባለ በሚታማበት አገር ሆነው ነው ያን ያህል የሞከሩት። ብንገረምባቸው ትክክል ነን።

ባቡሩ ራሱ ወደኛ መጣ። ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1897 የተጀመረው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የጎማው ስፋት አንድ ሜትር ነው ብንል አንድ ዙር ሦስት ሜትር ከምናምን ይሄዳል። 780 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ አንዴ ሲጨርስ አክስሉ ሩብ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር ከላይ የነበረው የብረቱ ገጽ ታች ይሆናል፣ የተጨመቀው ይሳባል። ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ፣ አንድ ሚሊዮን። የቮለር ማሽን ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራውን የኛ ባቡር በአዋሽ ሜዳ ይሠራው ነበር። በዓለም ሁሉ የባቡር ሠራተኞች ጎማውን በመዶሻ እያንኳኩ ድምፁን የሚያዳምጡት ለዚሁ ነው፤ ደህና ብረት ይደውላል፣ የተሰነጠቀ ብረት ያፍናል።

ዝለት ከሐዲድ ወደ ሰማይ የወጣው በ1954 ነው። የእንግሊዙ ኮሜት የዓለም የመጀመሪያው የመንገደኛ ጄት ነበር። ጥር ላይ ከሮም የተነሳ አንድ ኮሜት ኤልባ ደሴት አጠገብ ሰማይ ላይ ተበታተነ። ምክንያቱ ስላልታወቀ ጥቂት ሳምንታት ታግዶ እንደገና በረረ። ሚያዝያ 8 (እ.ኤ.አ.) ከሮም ወደ ካይሮ ሲሄድ የነበረ ሌላ ኮሜት ኔፕልስ አጠገብ እንደዚያው ሆነ። ከሁለቱም የተረፈ የለም። መርማሪዎቹ ፋርንቦሮ ላይ አንድ ሙሉ ኮሜት ውሃ ገንዳ ውስጥ ነክረው ሆዱን በውሃ እየነፉ እያስተነፈሱ ስንት በረራ እንደሚችል ቆጠሩ። በእውነት የበረረውና በገንዳው የተመሰለው ተደምሮ 3,057 ላይ ቀፎው ተቀደደ። ኤልባ ላይ የወደቀው 1,290 ያህል በረራ ነበረው። ስንጥቁ የተነሳው በመስኮቱ ማዕዘን አጠገብ ካለች የችንካር ቀዳዳ ነው። አውሮፕላን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሆዱ ይነፋል፣ በወረደ ቁጥር ይተነፍሳል፤ ያች ስስ ዝርግ አሉሚኒየም ይህን እየቆጠረች ነበር።

ስስ ዝርግ ያልነው በምክንያት ነው። ወፍራም አክስል ላይ ስንጥቅ ለመጓዝ ብዙ ብረት ይጠብቀዋል፤ ዝርግ ላይ ግን ሁሉም ነገር ገጽ ነው። የጭረት ታሪክ በሙሉ ዝርግ ላይ ይፈጥናል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያኔ ገና ስምንት ዓመቱ ነው፤ በ1946 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ በረራው ወደ ካይሮ ነበር። ጄት ለመግዛት ሲወስን የመረጠው ቦይንግ 720ን ሲሆን አገልግሎት የጀመሩት በ1963 ነው። ከኮሜት በኋላ የተሠሩ አውሮፕላኖች አንድ ትልቅ ትምህርት ቀስመዋል፦ ስንጥቅ አይመጣም ብለህ አትንደፍ፤ ሲመጣ የሚይዘው ነገር አዘጋጅ፣ በየጊዜውም ፈልገው። ዛሬ ቦሌ የጥገና ማዕከል ውስጥ በአልትራሳውንድና በመሰል መሣሪያ ብረት የሚመረምር ቴክኒሽያን ያ ጎማ የሚያንኳኳው የባቡር ሠራተኛ የልጅ ልጅ ነው።

አየር መንገዳችን በነሐሴ 2012 (እ.ኤ.አ.) ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ሲረከብ ስለ ምቾቱ ብዙ ተወራ። የዚያ አውሮፕላን 15 ከመቶ ክብደት ታይታኒየም መሆኑን ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም። ታይታኒየም ማዕድኑ የታወቀው በ1791 ነው፤ ዊልያም ግሬገር የተባለ የእንግሊዝ ቄስ ከአሸዋ ውስጥ አገኘው። ስሙን ከአራት ዓመት በኋላ ያወጣለት ጀርመናዊው ክላፕሮት ነው፣ በግሪክ ተረት ግዙፎች። እንዳይመስላችሁ፣ ማዕድኑ ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ ከማዕድኑ ብረቱን ማላቀቅ ነው። ዊልያም ክሮል የተባለ ሉክሰምበርጋዊ በ1940 አካባቢ መላ እስኪያገኝለት ድረስ ለፋብሪካ የሚሆን ታይታኒየም አልነበረም። ከአረብ ብረት በግማሽ የሚጠጋ ይቀላል፣ አይዝግም፣ የሰው ሥጋና አጥንትም ይወደዋል።

ግን እሱም ይዝላል። ሐምሌ 19 ቀን 1989 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ-10 ሰማይ ላይ እያለ የጭራው ሞተር ፈነዳ። የሞተሩ ማራገቢያ ዲስክ ታይታኒየም ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ሲቀልጥ ውስጡ የቀረች አንዲት ደረቅ እንከን ነበረችበት። ስንጥቁ ከእሷ ተነስቶ ሞተሩ በተነሳና በቆመ ቁጥር እያደገ ኖሮ ያን ቀን ዲስኩ ለሁለት ተከፈለ። ስብርባሪው የመሪውን የዘይት ቧንቧዎች ሁሉ በጠሰ። አብራሪዎቹ በሁለቱ የክንፍ ሞተሮች ብቻ እየመሩ ሱ ሲቲ አደረሱት፤ ከ296 ሰው ከመቶ በላይ ቢሞትም 184 ተረፈ። 

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የብረትን ጽናት መጨመር ይቻላል? ብረት ሁሉ በዓይን ከማይታዩ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ተራ ታይታኒየም ውስጥ አንዱ ቅንጣት አሥር፣ ሃያ፣ ሃምሳ ማይክሮሜትር ይሆናል፤ የሰው ጸጉር ሰባ አካባቢ ነው። ብረት ሲጎብጥ በቅንጣቱ ውስጥ አንዱ ድርብ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ዩዊንግና ሃምፍሪ የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1903 ብረትን እያመላለሱ እያጎበጡ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ የስንጥቅ ዘር የሚጸነሰው በእነዚህ የመንሸራተቻ መስመሮች ላይ መሆኑን ተመለከቱ። መንሸራተቱን የሚያቆመው የቅንጣቱ ድንበር ነው። የአዊ ገበሬ ይህን ለማስረዳት እኛን አይፈልግም፤ ተዳፋት መሬት ላይ ጎርፍ የሚያቆመው እርከን ነው፣ እርከኑ በተቀራረበ ቁጥር ጎርፉ ጉልበት ሳያገኝ ይቆማል። ቅንጣቱን ካሳነስከው ብረቱ ይጠነክራል። ሆልና ፔች የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይህን በቀመር አስቀምጠውታል።

ቅንጣት የሚያንሰው እንዴት ነው? በመቀጥቀጥ! ወደ ዳንግላው ምድጃ እንመለሳለን ብለን አልነበር? ቭላድሚር ሴጋል የተባለ ሶቪየታዊ በ1970ዎቹ ሚንስክ ላይ አንድ ዘዴ አወጣ። የብረት ዘንግ እንደ ክርን በታጠፈ ቀዳዳ ውስጥ በግድ ይገፋል፤ ሲወጣ ውፍረቱ ያው ነው፣ ውስጡ ግን ተቦክቷል። ደጋግሞ ማስገባት ይቻላል። ሩስላን ቫሊየቭ ኡፋ ከተማ ላይ ይህን ይዞ ቅንጣቱን ከማይክሮሜትር በታች አወረደው። ለዝርግ ደግሞ ጃፓኖች በ1998 ሌላ መጡ፤ ሁለት ዝርግ ደርበህ በማሽን ዳምጠህ አንድ ታደርጋለህ፣ ለሁለት ትቆርጣለህ፣ ትደርባለህ፣ ትዳምጣለህ። ከሁሉ የሚገርመን ግን ደቡብ ኮሪያውያን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያቀረቡት ነው። ዝርጉን ቦይ ቦይ ባለው ቅርጽ ተጭነህ ልክ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ታደርገዋለህ፣ ከዚያ በጠፍጣፋ ተጭነህ ታቃናዋለህ፣ ቦታ ቀይረህ እንደገና ቆርቆሮ፣ እንደገና ማቃናት። በመግቢያችን ሽቦውን ሲያጣጥፍ የነበረውን ልጅ አያስታውሳችሁም? ልዩነቱ ሽቦው ጫፉ ነፃ ስለሆነ ይሰበራል፤ ዝርጉ ግን ከላይም ከታችም ተይዟልና ተቦክቶ ይበረታል።

ቀጥቃጩ ታይታኒየም ሠርቷል እያልን አይደለም። እሱ ብረቱን አግሎ ነው የሚቀጠቅጠው፤ በግለቱ ቅንጣቱ የደቀቀውን ያህል መልሶ ያድጋል። ቤተ ሙከራው የሚሠራው ቀዝቃዛ ላይ ወይም ለብ አድርጎ ነው፣ ቅንጣቱ ተመልሶ ሳያድግ። ዘመድ ናቸው፣ መንትያ አይደሉም። ዘመድነታቸውን ግን መካድ አይቻልም፦ ሁለቱም ሌላ ንጥረ ነገር ሳይጨምሩ፣ ያንኑ ብረት በምልልስ ብቻ ሌላ ብረት ያደርጉታል።

ታዲያ ይህ የተቦካ ታይታኒየም ሲዝል እንዴት ነው? ቫሊየቭና ባልደረቦቹ በ2008 ባወጡት ውጤት ንጹሑ ታይታኒየም በአንድ ጉተታ የሚችለው ከ700 ወደ 1,240 ሜጋፓስካል፣ በሚሊዮን ምልልስ የሚችለው ደግሞ ከ340 ወደ 620 ወጥቷል። አሉሚኒየምና ቫናዲየም የተጨመረበት የተለመደው የሕክምና ታይታኒየም በዚያው ፈተና 530 ነበር። ይህ ዘንግ ነው፤ ዝርግ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ቆርቆሮ ሆኖ የተመላለሰ ዝርግ ገጹ ሞገድ ሞገድ ይላል፣ አንዳንዴም ከመጫኑ የተነሳ ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣል። የስንጥቅ ዘር በገጽ ላይ ይጸነሳል ብለናልና ያልተወለወለ ዝርግ ያገኘውን ጥንካሬ እዚያው ይበላዋል። ሌላም አለ። ደቃቅ ቅንጣት ስንጥቅ እንዳይወለድ ይከላከላል፤ አንዴ ከተወለደ ግን መንገዱን ቀጥ ያደርግለታል። ትላልቅ ቅንጣት ያለው ብረት ውስጥ ስንጥቁ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቀላል ጭነት ሚሊዮን ጊዜ ለሚመላለስበት ሥራ ደቃቁ ይሻላል፤ ጥቂት ጊዜ ግን በኃይል ለሚጎብጥ ነገር ሊብስም ይችላል። መድኃኒቱ ከተቦካ በኋላ በመጠኑ ማሞቅ ነው፣ ጥንካሬው ሳይጠፋ ድርቀቱ እንዲለዝብ። ውሃ ያጠጡትን ቢላዋ መልሶ ለብ ማድረግ በሉት። አንጥረኝነት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለማን ነው ቢባል፣ በመጀመሪያ ለተሰበረ አጥንት ነው። ከፈረስ የወደቀ፣ ባጃጅ የገለበጠው ሰው ጭኑ ላይ የሚታሰረው የብረት ዝርግ እግሩን ባነሳ ቁጥር ይጎብጣል። በየዕለቱ የሚራመድ ሰው በአንድ እግሩ በዓመት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይረግጣል። አጥንቱ በጊዜ ካልገጠመ ዝርጉ ውስጥ ውስጡን ይዝልና ይሰበራል፤ ሰውየው ለሁለተኛ ጊዜ ቢላዋ ሥር ይተኛል። ጽኑ የሆነ ዝርግ ቀጭን መሆን ይችላል፣ ንጹሕ ታይታኒየም ከሆነ ደግሞ አሉሚኒየምና ቫናዲየም ሥጋ ውስጥ አይተውም። ለከተሜው ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፤ ከዚገም ወይም ከጓንጓ ቆላ ተጭኖ ለሚመጣ ገበሬ ግን ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና የበሬ ሽያጭ ነው።

እዚህ አገር ማን ይሠራዋል? ማዕድኑ አለ፤ ምዕራብ ወለጋ ጊምቢ አጠገብ ቢቂላል ላይ ኢልሜናይት የሚባለው የብረትና የታይታኒየም ድንጋይ መሬት ውስጥ ተኝቷል። ትምህርት ቤቱም አለ። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1963 (እ.ኤ.አ.) በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲቋቋም ከመጀመሪያ ትምህርቶቹ አንዱ የብረታ ብረት ሙያ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታይታኒየምን የሚያቦካው ዘዴ የተወለደው በዚያው በሶቪየት አገር መሆኑ ያስቆጫል፤ መምህራኑ ከእነሱ፣ ተማሪው ከእኛ ነበር። የመካኒካል ምህንድስና ተማሪዎቻችን የቮለርን ስም ለፈተና ያውቁታል። ዳንግላ ያለው ቀጥቃጭ ባሌስትራ ሲገዛ ብረቱን እንዴት እንደሚመርጥ ጠይቆ የጻፈ ተማሪ ግን እስካሁን አላጋጠመንም።

ቢጠየቅ የሚያሳየው ነገር አለው። የተሰበረውን ቅጠል ያነሳል፣ የጠቆረውን ፊት ያያል፣ በመዶሻው ጫፍ አንኳኩቶ ያዳምጣል። ከስንጥቁ አንድ ስንዝር ርቆ ይቆርጥና ያንን ጫፍ ወደ ጎን ይጥለዋል። ማረሻ የሚሆነው የቀረው ነው።